እሑዳችን ያልሆነው እሑድ

ዘይኑልአቢዲን በሰው መኪና ሲሄድ አርፎ መቀመጥ አይሆንለትም ነበር። ከፊት ከከበደ ጎን ይቀመጥና ቀኝ እግሩ ለብቻው ፍሬን ይረግጣል። ቁልቁለት ሲመጣ ይረግጣል፣ በግ መንገድ ሲያቋርጥ ይረግጣል፣ ከበደ ማርሽ ሲያሳስት ደግሞ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። «ልጄ፣ መኪና ነው እንጂ ወፍጮ አይደለም፤ አታስጩኸው» ይለዋል። ከበደ ይናደዳል። «ጋሼ፣ ያንተ ኤንትሬ የጭነት መኪና ቁሞ ቀርቷል፣ ይሄ የኔ ቮልስ ነው» ይላል። እኔ ከኋላ ወንበር የዓሣ ድስቴን ታቅፌ ሁለቱንም እሰድባለሁ። እሑዳችን የሚጀመረው እንዲህ ነበር።

ስሜ ስህን ነው። ሐይቅ ከተማ ከዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ፤ የማቀርበውም ዓሣ ብቻ ነው። ሥጋ አትሠሪም ወይ ለሚለኝ ሁሉ «ሥጋ የእስላም የክርስቲያን ይባልበታል፤ ዓሣ ግን አራጅ አይፈልግም፣ ሁሉንም ባንድ ትሪ ያስቀምጣል» እላለሁ። እስላሙን ዘይኑንና ክርስቲያኑን ከበደን ባንድ ትሪ ያስቀመጣቸው ያ ዓሣ ነው። ከበደ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ ነበር፤ እጁ አዮዲን እየሸተተ ይመጣና ሳይታጠብ ሊቆርስ ሲል እጁን በማማሰያ እመታዋለሁ። ዘይኑ ይስቃል። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የለውም።

ዘይኑ የአምባሰል ልጅ ነው። ከውጫሌ በላይ ካለች መንደር ተወልዶ፣ ጢሙ ሳይበቅል በጭነት መኪና ረዳትነት ወጣ፣ ከዚያ ሹፌር ሆነ። ከአሰብ ደሴ ጨውና ሲሚንቶ ሲያመላልስ ጎልማሳነቱ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ። የአፋር ፀሐይ ፊቱን አጠቆረው፣ ወንበሩ ወገቡን ሰበረው። መኪናው ላይ ከጭነት ሌላ የጫነው ብዙ ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት፣ ከባሏ የኮበለለች ሙሽራ፣ ዘመድ የሞተበት ሳያውቅ አገሩ የሚወሰድ ሰው። ይህን የመጨረሻውን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «መርዶ የተሸከመ መኪና ያስታውቃል» ይል ነበር፤ «ሁሉም ለሰውየው እሺ ይሉታል።»

ወገቡ እምቢ ሲለው መሪውን ለቀቀና ሐይቅ ገባ። ከሐይቁ ዳር አትክልት የሚያለማ ማኅበር ነበር፤ የማኅበሩን የውኃ መሳቢያ ሞተር የሚያስነሳ የሚጠግን እሱ ሆነ። ሚስቱ አሚናት ግን መንደር ቀረች። «ለምን አታመጣትም?» ስለው «መሬቱስ?» ይለኛል። የገበሬ ማኅበሩ መሬት የሚይዘው ቀየው ላይ ለተገኘ ነው፤ ቤቷን ዘግታ ብትወጣ በመጪው ድልድል ማሳው ለሌላ ይሄዳል። እናቱ ራህማም አርጅተው ዓይናቸው ደክሞ በአሚናት እጅ ናቸው። እንዲህ ሆኖ ባልና ሚስት የሚገናኙት እሑድ ብቻ ሆነ።

እሑድም ቢሉት እያንዳንዱ እሑድ አይደለም። ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የግል መኪናም እሑድ የሚነዳው በተራ ነው። አንዱ እሑድ ታርጋው በሙሉ ቁጥር ለሚያልቅ፣ ቀጣዩ በጎዶሎ ለሚያልቅ። የከበደ ቮልስ ታርጋ በስምንት ያልቃል። ስለዚህ አንዱ እሑድ የኛ ነው፣ አንዱ የሰው። በኛ እሑድ ከበደ ሲቆጥብ የከረመውን ቤንዚን ይሞላል፣ እኔ ቤቴን እዘጋለሁ፣ ዘይኑም ከሞተር ዘይቱ ታጥቦ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ሙሽራ መስሎ ይመጣል።

አንቸኩልም ነበር። ምን አስቸኮለን? ሐይቁ ቁልጭ ብሎ ከሚታይበት ኩርባ ላይ እናቆማለን። ከበደ ወደ እስጢፋኖስ ዞሮ ይሳለማል፤ እኔም ከሩቅ እሳለማለሁ። ገዳሙ ሴት አያስገባምና ከሩቅ መሳለም የለመድኩት ነው። «እሷንማ ቢያስገቧት መነኮሳቱን ሁሉ ቅርፊት ታስልጣቸው ነበር» ይላል ዘይኑ። እንደገና እንሄዳለን። ዘይኑ በአምባሰል ቅኝት በአፍንጫው ያንጎራጉራል፤ በአሰብ መንገድ እንቅልፍ ያባረረበት ዜማ ነው። ከበደ «ተኛን» ይለዋል። ውጫሌ ስንደርስ እንወርድና ሱቅ ለሱቅ እንዞራለን፣ ዋጋ እንጠይቃለን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳንገዛ እንወጣለን። እድሜዬ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ደስታ አላስታውስም።

መኪናው የሚደርሰው ከመንደሩ ሥር እስካለችው ሾላ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ዳገት ነው፣ በእግር። ዘይኑ እጁን በከበደ ፊት አሳልፎ ክላክሱን ያስጮኸዋል፤ አሚናት ትሰማና ትወርዳለች። ልጃቸው ጠሃ ትንሽ ሳለ ከእሷ ቀድሞ እየተንከባለለ ነበር የሚወርደው፤ ካደገ በኋላ ደግሞ ዕቃውን ሁሉ ባንድ ትከሻው አንሥቶ ይዞን ይወጣል። አሚናት ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም። «የጠሃ አባት» ነው የምትለው።

ይቺ ሴት በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደሉ አልሆነላትም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች፤ ያስተማራት ዘይኑ ነው። ያለ ቀኑ እየጠበቀች እንዳትደክም ብሎ የታርጋውን መጨረሻ ቁጥር ሾላው ሥር አፈር ላይ በጣቱ ጻፈላትና ሙሉውን ከጎዶሎው ለየላት። ከዚያ ወዲህ የእሑድን ተራ እንደሷ የሚያውቅ በወረዳው አልነበረም። ጎረቤት ከደሴ እንግዳ ሲጠብቅ «መኪናው ስንት ቁጥር ነው?» ትላለች። «ዛሬ የጎዶሎ ነው፣ አትድከሙ» ብላም ትመልሳለች። መንደሩ ይስቅባት ነበር።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ጠሃ አንድያ ልጅ ነበር፤ አንድያ መሆኑን የጠየቀም የለ። ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ሄደ። ሲለያዩ አባቱን «ስመለስ ነጭ ሸራ ጫማ ትገዛልኛለህ» ብሎት ነበር። ዘይኑ ውጫሌ በሄድን ቁጥር አንዲት ሱቅ ይገባና ጫማውን ከመደርደሪያ አስወርዶ ያየዋል፣ ሶሉን ያጥፈዋል፣ ይመልሰዋል። «እግሩ ሳያድግ አይቀርም፤ ሲመጣ ለክቶ ይውሰድ» ይላል። ባለሱቁ ለምዶት ሲያየው ያለ ጥያቄ ያወርድለታል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት ከበደ ወደ ጓዳዬ ገብቶ በሩን ዘጋውና ከሰል ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ክንዱን የቆሰለ ወታደር ሊታከም መጥቶ፣ ፋሻውን ሲፈታለት ጨዋታ መጣ፤ አገርህ የት ነው፣ ውጫሌ፣ የአምባሰሉን ጠሃን ታውቀዋለህ? ወታደሩ አለቀሰ። ከጎኑ ነው የወደቀው፤ በእጁ ነው የቀበረው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አንሰማውም፤ ቁስለኛ ነው ይዞት የሚመጣ። እኔ የያዝኩትን ቢላዋ አስቀመጥኩ፤ ሌላ ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ያን ልጅ ዓሣ አጉርሼዋለሁ፤ እሾህ ተሰክቶበት በጣቴ ከጉሮሮው አውጥቼለታለሁ።

በኛ አገር መርዶ ለሰው ለብቻው አይነገርም። በሰበብ ተይዞ ወደ ወገኑ ይወሰዳል፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይጠብቃል፣ ከዚያ በሚይዙት እጆች መካከል ሆኖ ይሰማል። ዘይኑ ሐይቅ ላይ ወገን የለውም። አባትን እዚህ፣ እናትን እዚያ ማርዳትም ነውር ነው። ሁለቱም ባንድ ላይ፣ ከቤታቸው ውስጥ፣ አሚናት በሴቶች መሀል ተቀምጣ እንድትሰማ ብለን ለአጎቱ ለሼህ ኑርዬ ሰው ላክንላቸው። እሳቸውም እሑድ ሰው እሰበስባለሁ፣ አምጡት አሉ። መዘግየት አልተቻለም፤ ቁስለኛው ሰኞ ወደ ውጫሌ ዘመዶቹ ይሄዳል። እሱ አንዴ ከተነፈሰ አሚናት ምንጭ ወርዳ፣ እንስራዋን እንደያዘች ነው የምትሰማው።

እሑዱ ግን የኛ አልነበረም። የጎዶሎ ነበር።

ከበደ ለዘይኑ የሚነግረውን ውሸት ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ መጣ። «ጋሼ፣ ክትባት ላመጣ ነው ብዬ ፈቃድ አውጥቻለሁ። በዚያው አምባሰል ብቅ ብለን እንመለስ።»

«በሰው እሑድ?» አለ ዘይኑ።

«በሰው እሑድ።»

«ሸጋ» ብሎ ገባ። ሸሚዙ እንኳ አልተተኮሰም ነበር።

ከከተማው ሳንወጣ ከበደ ማርሹን ሦስት ጊዜ አስጮኸው። «ልጄ፣ ምነው ዛሬስ አረድኸው» አለ ዘይኑ። ከበደም «ልክ ነህ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለው። ከበደ ዘይኑን ልክ ነህ ብሎት አያውቅም፤ እኔ ያን ጊዜ ቢቻለኝ ከኋላ ጆሮውን በጠመዘዝኩት። ዘይኑ ዞር ብሎ አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ከዚያ መንገዱን።

ኬላው ላይ ፖሊሱ ገና ከሩቅ ታርጋችንን አይቶ እጁን አነሣ። ከበደ ወረደና በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ፖሊሱ ቁጡ ሰው ነው፤ በሌላ ጊዜ መታወቂያ ሳያይ፣ ድስቴን ሳይከፍት አያሳልፍም። አሁን ግን ቀና ብሎ ዘይኑን አየና ወዲያው ዓይኑን አሸሸ። ገመዱን ራሱ ሄዶ ጣለልን። ስናልፍ ዘይኑ «አሏህ ይስጥህ» አለው። ፖሊሱ ጎንበስ አለ።

ከኩርባው ላይ ስንደርስ ዘይኑ ይቁም አለ፤ ቆምን። ሐይቁ ዝም ብሏል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ራቅ ብሎ ይታያል። ማንም ቀልድ አልጀመረ፤ እኔም መሳለሙን ረሳሁት። ዘይኑ ቆየ። ከበደ ሰዓቱን ቢያይም እንሂድ ለማለት አልደፈረም፤ እኔም አልደፈርኩም። በመጨረሻ ራሱ «በሉ» ብሎ ገባ። ደግሞ ማንጎራጎር ጀመረ። ያን ዜማ ያን ቀን መስማት ምን እንደሚመስል አልናገርም።

ውጫሌ ላይም አቁሙ አለ። «ባዶ እጄን አልሄድም። ለእናቴ ብርቱካን ልግዛ፤ ጥርስ የላት፣ ትምጠጠው።» ብርቱካኑን ስንመርጥ የደረቀ ሊሰጠን ሲል ከሻጩ ጋር ተጨቃጨቅኩ፤ ልማዴ ነው። ቀጥሎ «ለአሚናት ሻሽ፤ እቴ፣ አንች ምረጭላት፣ የቱ ይሻላታል?» አለኝ። ብጫውን ያዝኩ፣ አረንጓዴው ፊቷን ያገረጣዋል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ስለሻሽ ማውራቴ ራሴን አስጠላኝ። ቢሆንም አፌ ሠራ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኸ ነው።

ከዚያ ጫማ ወዳለባት ሱቅ ገባ። ባለሱቁ እንደልማዱ ጫማውን አወረደለት። ዘይኑ ግን ሶሉን አላጠፈውም። ወደኔ ዞሮ «ዛሬ ልግዛለት መሰለኝ። እቴ፣ የጠሃን እግር ታውቂዋለሽ፤ ይሄ ይበቃዋል?» አለኝ።

ይበቃዋል ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ ቀረ። ከበደን አየሁ፤ ጎማውን ልየው ብሎ ወጥቶ ሄዷል። ዘይኑ ጥቂት ጠበቀኝ። ከዚያ የጫማውን ማሰሪያ ቀስ አድርጎ አሠረ፣ ጫማዎቹን ጎን ለጎን ገጠማቸውና ለባለሱቁ መለሰለት።

ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን «ልስገድ፣ አቁሙልኝ» አለ። በጀሪካናችን ውኃ ውዱእ አድርጎ ከመንገዱ ዳር ሰገደ። ሱጁዱ ላይ ሲቆይ ከበደ ጭንቅላቱን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ዘይኑ ተነሣና አቧራውን ከግንባሩ ሳይጠርግ መጣ።

«ቁልፉን ስጠኝ።»

«ጋሼ፣ ወገብህስ?»

«ዛሬ የሚያመኝ ወገቤ አይደለም።»

ሰጠው። ዘይኑ መሪውን ያዘ እንጂ ሞተሩን አላስነሣም። «እሑድ ያለ ተራው ኬላ የሚያልፍ መኪና ሁለት ነው» አለ፤ «ምጥ የያዛትን ያፈጠነ፣ ወይ መርዶ የጫነ። እቴ ስህንን ባያት ደግሞ አላረገዘች።» ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። «ኬላው ላይ ተነገረኝ። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁ። እናቴ ትሆን ብዬ ብርቱካን ገዛሁ፣ አንች ከሰውየው ተጣላሽላት። አሚናት ትሆን ብዬ ሻሽ አልኩሽ፣ መረጥሽላት። ጫማው ዘንድ ስደርስ አፍሽ ደረቀ። ጠሃ ነው?»

ከበደ ተንሰቀሰቀ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ። ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ያ ሲስቅ የሚንቀጠቀጠው ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አሁንም ድምፅ የለውም። እኔ ከኋላ ጀርባውን ይዤ አለቀስኩ። ያ ልጅ ለምን ሞተ? ማን ምን አገኘበት? እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ቀና ብሎ «አሚናት ሰምታለች?» አለ።

«አልሰማችም» አለው ከበደ።

«እንግዲያ እንባችሁን ጥረጉ። እሷ ፊት የምታነብ ከሩቅ ነው። ሾላው ሥር እንዳታውቅብን። ቤቷ ትግባ፣ ከሴቶቹ መሀል ትቀመጥ፣ ያን ጊዜ ትስማ። ሾላው ሥር ከሰማችው ያን ዳገት በምን እግሯ ትወጣዋለች?»

ቮልሷ እንደዚያ ቀን ተነድታ አታውቅም። ማርሹ ሲገባ አይሰማም፤ ኮረኮንቹ ላይ እንኳ ድስቴ አልተንኳኳም። በአሰብ መንገድ በፍጥነቱ የሚታማው ሰው እንደ እርጉዝ ሴት ይሄድ ነበር። አንዴ ቶሎ ድረስ ልለው እፈልጋለሁ፣ አንዴ አትድረስ። እሱ በየመሀሉ ፊቱን በመስተዋቱ ያያል፣ ፈገግታ ይሞክራል፣ አይሆንለትም፣ ይተወዋል።

ሾላው ሥር ቆመ። ክላክሱን እንደወትሮው አስጮኸ። «ካላስጮኽሁ ትደነግጣለች» አለ ለራሱ።

አሚናት ከአውድማ ነው የወረደችው፤ ጭድ ጠጉሯ ላይ አለ። መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ነበር የምትሮጠው፤ እኔ አይቻታለሁ፣ ማንም አልነበረም አይበለኝ። ከመኪናው ስትደርስ ግን እርምጃዋ ዘገየ። ዘይኑ ከመሪው ሥር መሆኑን አየች። እኔ ብጫውን ሻሽ በመስኮቱ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«የጠሃ አባት፣ ዛሬ እሑዳችን ነው እንዴ?» አለች። «እኔ ነኝ የተሳሳትሁ?»

«ከበደ ፈቃድ አውጥቶ ነው» አለ ዘይኑ። ድምፁ ደህና ነበር። ስንት ጊዜ እንዳጠናው አሏህ ይወቅ።

«ማነው እሑድ የፈቀደለት?»

ከበደ ክትባት አለ፤ የቀረውን ቃል አላወጣውም። አሚናት አንድ በአንድ አየችን። ከዚያ መልስ አልጠበቀችም፤ ዞራ ከመኪናው ፊት ሄደችና ጎንበስ አለች። የመንገዱ አቧራ ታርጋውን ሸፍኖታል። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ጠረገችው። የመጨረሻዋን ቁጥር ደግማ ጠረገቻት፤ በጣቷ ዙሪያዋን ሄደችባት፣ ሾላው ሥር አፈር ላይ እንደተማረችው። ሌላ ቁጥር እንድትሆንላት ነው የጠረገቻት። እኔም ከመኪናው ውስጥ ሆኜ፣ ያን ቁጥር እያወቅኩት፣ ሌላ እንዲሆን ለመንኩ።

«ስምንት ናት» አለች። ቀና ብላ በመኪናው የፊት መስተዋት አሻግራ ዘይኑን አየችው። «ስምንት ናት፣ የጠሃ አባት።»

ያን ስም ስትጠራ ፊቱ ምን እንደሆነ እኔ ከኋላ ነበርኩና አላየሁትም፤ እሷ አየችው። እዚያው ታርጋው ሥር ተቀመጠች። ዘይኑ በሩን ከፍቶ ለመውረድ ሞከረ፣ ወገቡ አልታዘዘለትም።

ዳገቱን እኔና ከበደ ተሸክመናት ወጣን።